«ሳቅ» የሚባል የለቅሶ ጨርቅ፦ ማቅ ነው ወይስ ጆንያ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የጥያቄና መልስ ክር የከፈተው ሰው ለጾመ ነነዌ የሚቀርብ አጭር ተውኔት የሚያዘጋጅ ነው። በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3 የነነዌ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ መጎናጸፊያውን ያወልቅና ማቅ ለብሶ አመድ ላይ ይቀመጣል፤ ሕዝቡም እንስሳቱም ማቅ ይለብሳሉ። ይህ ማቅ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው? ጠያቂው የዕብራይስጡ ቃል «ሳቅ» መሆኑን ያውቃል። እንግሊዝኛውም ከረጢቱን «ሳክ» ስለሚለው ማቅ ማለት ጆንያ ነው ብሎ ደምድሟል። ጆንያ ቀድዶ ተዋንያኑን ማልበስ ይበቃ እንደሆነ ብቻ ነበር የጠየቀው። የተመለሰለት ግን 25 መልስ ነው፤ ግማሹም ከተውኔቱ ጋር ዝምድና የለውም።

መልስ 1። በትሕትና ነው የጀመረው። ድምዳሜዎ ግማሹ ልክ ነው ይላል። «ሳቅ» ከልብስም ከከረጢትም በፊት የጨርቁ ስም ነው፤ ከፍየል ጠጉር ተፈትሎ የተሸመነ፣ ወፍራም፣ በአብዛኛው ጥቁር ጨርቅ። እህል ሲያዝበት ከረጢት፣ ወገብ ላይ ሲታጠቁት የለቅሶ ልብስ ይሆናል። የዮሐንስ ራእይ 6፥12 ፀሐይ እንደ ማቅ ጠጉር ጠቆረች ሲል ቀለሙንም ጥሬ ዕቃውንም በአንድ ሐረግ ነግሮናል። ጆንያ ግን ከጁት ተክል ልጥ የሚሠራ ነው፤ የቤንጋል ጁት የዓለም ከረጢት የሆነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለሆነ የነነዌ ሰዎች አያውቁትም።

መልስ 2 ቀልድ ነው። ለቅሶ የሚለበስ ጨርቅ ስሙ ሳቅ ከሆነ ዕብራውያን ሲያዝኑ ምን ለብሰው ይስቁ ነበር ይላል። ብዙ ሰው ወዶለታል።

መልስ 3 ቀልዱን ቁም ነገር አድርጎት አረፈ፤ ደግሞም ጥሩ አድርጎ። የእኛ ሣቅ ከግዕዙ ሠሐቀ የመጣ ነው። አማርኛ መካከሏን ሐ ስለዋጣት ነው ሁለት ፊደል ብቻ የቀረው። በዕብራይስጥም መሳቅ ያንኑ ሐ ይዞ «ሳሐቅ» ይባላል፣ ይስሐቅ የሚለውም ስም ከዚያው ቤት ነው። የጨርቁ ስም ግን ከመነሻው ሐ የለውም። በሁለቱ ቋንቋዎች ማንም አያምታታቸውም፤ የተምታቱት በአማርኛ ጆሮ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ የዛሬ እስራኤላውያን ቅ እና ክን ስለማይለዩ ጨርቁን «ሳክ» ነው የሚሉት።

መልስ 4 ወደ ግዕዝ ወሰደን። ግዕዝ ይህን ቃል ራሱን አለው፤ ሠቅ ይባላል፣ በንጉሡ ሠ። የዕብራይስጡ የመጀመሪያ ፊደል ነጥቧ በግራ ያለች ሺን ናት፤ እርሷ በግዕዝ ከሠ ጋር ነው የምትገጥመው። ጠጉር በዕብራይስጥ «ሴዓር» በግዕዝ ሥዕርት ነው፤ ዐሥር የሚለውም ቁጥር እንዲሁ ይገጥማል። አካድኛ «ሳቁ»፣ ሱርስት «ሳቃ»፣ ቅብጥ «ሶክ» ይላሉ። ግሪኩ «ሳኮስ» ከሴማውያን የተዋሰው ነው፤ ላቲኑ ከግሪክ ወሰደ፣ እንግሊዝኛው «ሳክ» ደግሞ ከላቲኑ። ስለዚህ ጠያቂው ያየው መመሳሰል እውነት ነው፤ ቃሉ እህል ጭኖ በመርከብ ተጉዟል።

መልስ 5 በዚህ ተበረታታና ሰቆቃወ ኤርምያስ የሚለው ርእስም ከዚሁ ከሠቅ የወጣ ነው፣ ማቅ ለብሶ ማልቀስ ማለት ነው አለ። ከዚህ በኋላ የክሩ ጠባይ ተለወጠ። መልስ 6 አንቱታውን ትቶ በአንተ ነው የመጣው፦ ሰቆቃው ከሰቆቀወ የወጣ ነው፤ በእሳቱ ሰ የሚጻፍ፣ ራሱን የቻለ ግሥ ነው፤ ስለ ልብስ የሚለው ነገር የለም። ሁለት ፊደል በተገናኘ ቁጥር ቃል መዛመድ ከጀመረማ ሰቀቀንም ሰቀላም ዘመድ ሊሆኑ ነው አለ። ልክ ነው፤ ስድቡ ግን አያስፈልግም ነበር።

መልስ 7 ሁለቱንም አቀዘቀዛቸው። መልስ 4 የተማመነበት ሠ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጸሐፍት ሠ እና ሰን ሲያቀያይሩ ኖረዋልና በብራና ላይ ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል። ቅም ብትሆን አታስተማምንም፤ ግዕዝ የግሪኩን ክ በቅ ይቀበላል፣ ማርቆስና ቄርሎስ ምስክር ናቸው። ቃሉ የአባት ርስት ይሁን ከግሪክ መጽሐፍ ጋር የገባ በፊደል ቆጠራ ብቻ አይፈረድም። መልስ 4 ይህን ተቀበለ፤ የሥዕርት ምሳሌው ግን ይቆማል አለ።

መልስ 8 ለእኔ የክሩ ምርጥ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን አወጣ። በ37፥34 ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ልብሱን ቀድዶ በወገቡ «ሳቅ» ይታጠቃል። በምዕራፍ 42 ልጆቹ ከግብጽ እህል ሸምተው ሲመለሱ ዮሴፍ ብራቸውን በየ«ሳቃቸው» ያስመልሳል፤ ቤት ደርሰው ሲያራግፉም የብሩ ቋጠሮ የተገኘው በዚያው ነው። አባትየው ለልጁ ለቅሶ የታጠቀው እና ልጁ ብር የላከበት አንድ ጨርቅ፣ አንድ ስም ነው። በአማርኛው ይህ አይታይም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው ትርጉም የመጀመሪያውን ማቅ፣ ሁለተኛውን ዓይበት ይለዋል። አማርኛ አንባቢ ሁለት ዕቃ ያያል። ዕብራይስጡ ራሱ «አምታሐት» የሚባል ሌላ የከረጢት ስም እየቀላቀለ ይጠቀማል፤ 42፥27 ላይ ሁለቱ ቃላት በአንድ ቁጥር ውስጥ አሉ። ምዕራፍ 43 እና 44 «አምታሐት» ብቻ ነው የሚሉት፤ ቃሉም ከዮሴፍ ታሪክ ውጭ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። መልሱ ኢያሱ 9፥4ንም ጨመረ፦ የገባዖን ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል አህዮቻቸው ላይ የጫኑት ያረጀ «ሳቅ» ነው።

መልስ 9 ስለ አማርኛው ማቅ ጻፈ። ማቅ ለብሶ ማለት ዛሬ ኀዘን ላይ ተቀመጠ ማለት ቢሆንም ቃሉ መጀመሪያ የደጋ ሰው የሱፍ ልብስ ነው። ማቅ ይሞቃል ጋቢ ይደምቃል የሚለው አባባል ስለ ለቅሶ አይደለም፣ ስለ ብርድ ነው። መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ዝተትና ባና የዚህ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ተርጓሚዎቹ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን በፍየል ጠጉሩ ቦታ ተክተዋል።

መልስ 10 ተቆጣ፤ አባቶችን ተሳሳቱ ልትሉ ነው ወይ አለ። መልስ 11 አላልንም ብሎ መለሰ። ተርጓሚ አንባቢው በእጁ ከዳሰሰው ጨርቅ ነው የሚነሳው፤ የፍየል ጠጉር ልብስ ደጋ ላይ ማን ያውቃል? የሻካራና የጥቁር ሱፍ ልብስ ግን ሁሉም ያውቃል። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ማቅ ይሞቃል፣ «ሳቅ» ይወጋል። ተውኔቱ ላይ ንጉሡ ብርድ ልብስ የደረበ ከመሰለ ነገሩ ተበላሸ።

መልስ 12 የሽመና ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ረዥም ነው፣ አሳጥሬ ላስፍረው። ፍየል ሁለት ዓይነት ጠጉር አላት፤ ከሥር ለስላሳው፣ ከላይ ረዥሙና ደረቁ። «ሳቅ» የላይኛው ነው። ተሸልቶ ቆሻሻው ይለቀማል፣ ይበጠራል፣ በእጅ ይፈለፈልና ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። የበግ ጠጉር ጥቅልልና ቅርፊታም ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሲታሽም ይጠጥራል፤ የፍየል ጠጉር ግን ቀጥ ያለና ልሙጥ ገላ ስላለው ይንሸራተታል። ስለዚህ በደንብ መክረር አለበት። ለድር የሚሆነው ክር ሁለት ሆኖ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደገና ይከረራል። ላላ ብሎ የተፈተለ ድር ገና ሲወጠር ጠጉሩ ከጠጉር እየሾለከ ይበጠሳል፤ የግልገል አጭር ጠጉር የተቀላቀለበትም ጨርቁ ከተሠራ በኋላ ይረግፋል።

በደዊን የሚባሉት የዓረብ ዘላኖች የሚሸምኑት መሬት ላይ ነው። አራት ካስማ ይተከላል፣ ሁለት ዘንግ ይታሰራል፣ ድሩ በሁለቱ መካከል ይደራል። ድሩ በጣም ስለሚጠጋጋ ማጉ አይታይም፤ ጨርቁ ላይ የሚታየው ድሩ ብቻ ነው። ማጉ በሰይፍ መሰል እንጨት ይመታል፤ የበደዊን ሴቶች በሚዳቋ ቀንድ ጫፍ ድሩን እየለዩ ያጠብቁታል። ስፋቱ ከሸማኔዋ ክንድ አያልፍም፤ ሰፊ ሲፈለግ ጠባብ ጠባቡ ጎን ለጎን ይሰፋል። በስተመጨረሻም የደብተራ ኦሪቱን መጋረጃ ጠቀሰ፦ ዘጸአት 26 ላይ ከፍየል ጠጉር የሚሠሩት 11 ናቸው፣ እያንዳንዱ ርዝመቱ 30 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ። እዚያ ግን ቃሉ «ሳቅ» አይደለም፤ «ፍየሎች» ብቻ ነው የሚለው።

መልስ 13 ለምን እንደሚወጋ በአጭሩ አስረዳ። ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ክር ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) በላይ የሆነ ነው፤ ከዚያ የቀጠነው ቆዳን ሲነካ ይጎብጣል፣ የወፈረው ሳይጎብጥ ይገፋል። የፍየል የላይኛው ጠጉር ብዙውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን ያልፋል። አለርጂ አይደለም፤ እንደ መርፌ መጫን ነው። ስለዚህ አክዓብ በ1ኛ ነገሥት 21፥27 በሥጋው ላይ ለበሰው ሲባል ዝርዝሩ ለጌጥ አልገባም። በ2ኛ ነገሥት 6፥30 ደግሞ ሰማርያ ተከብባ ንጉሡ በቅጥሩ ላይ ሲያልፍ ልብሱን ሲቀድድ ነው ሕዝቡ ከውስጥ «ሳቅ» መልበሱን ያየው።

መልስ 14 ስለ ድንኳን ገባ። ጨርቁ ሲደርቅ ቀዳዳው ይከፈትና ጢስና ሙቀት ያስወጣል፤ ሲርስ ጠጉሩ ያብጥና ቀዳዳው ይዘጋል። አዲስ ድንኳን የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ያፈስሳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ከጠርሴስ የመጣው ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደነበር፣ አገሩ ኪልቅያም በፍየል ጠጉር ጨርቅ ስለታወቀች ሮማውያን ጨርቁን በአገሯ ስም «ኪሊኪዩም» ይሉት እንደነበር ጨመረ። ጳውሎስ የሰፋው ይህንኑ ይሁን ቆዳ ይሁን የሐዋርያት ሥራ አይነግረንም፤ መልሱ ግን እንደተረጋገጠ ነገር ነው ያለፈው። ማንም አላረመውም።

መልስ 15 ለተውኔቱ ወሳኙ ነው። «ሳቅ» እንደ ቀሚስ አይጠለቅም፣ ይታጠቁታል። የዕብራይስጡ ተደጋጋሚ ግሥ መታጠቅ ነው፣ ቦታውም ወገብ። ዳዊት ለአበኔር ለቅሶ ሕዝቡን ልብሳችሁን ቅደዱ፣ ማቅም ታጠቁ ይላል፤ የሚቀደደው ልብሱ ነው፣ ማቁ አይደለም። መዝሙር 30 ላይ ደግሞ ዕብራይስጡ ማቄን ፈታህ፣ ደስታን አስታጠቅኸኝ ነው የሚለው፤ ትጥቅ ተፈትቶ በትጥቅ ይተካል። የግሪኩ ትርጉም ግን ቀደድህ አለ፤ በእኛ ዳዊት መዝሙሩ 29ኛ ነው፣ ግዕዙም ግሪኩን ተከትሎ ሠቅየን ያስቀድደዋል። ያማረ ንባብ ነው፤ የአለባበሱ ሥዕል ግን ጠፋ።

መልስ 16 ሌሎች አጠቃቀሞችን ደረደረ፦ ሪጽፋ የልጆቿን ሬሳ ስትጠብቅ ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ በዓለት ላይ ያነጠፈችው፤ ኢሳይያስ 58 ላይ ከአመድ ጋር የሚነጠፈው፤ ኢዮብ በቆዳዬ ላይ ሰፋሁት ያለው። በመጽሐፈ ዮዲትም ከብቱ ብቻ አይደለም፣ መሠዊያው ሳይቀር ማቅ ይለብሳል። የሶርያው ንጉሥ የወልደ አዴር አገልጋዮች በ1ኛ ነገሥት 20 ማቅ በወገባቸው፣ ገመድ በራሳቸው አድርገው ወደ አክዓብ የወጡት ግን ለለቅሶ አይደለም፣ እጅ ለመስጠት ነው። አክዓብም ወልደ አዴርን ወንድሜ ነው ብሎ ማረው።

መልስ 17 የአይሁድ ሊቃውንትን አመጣ። ዘሌዋውያን 11፥32 ረክሶ የሚታጠበውን ሲዘረዝር «ሳቅ»ን ከእንጨት ዕቃ፣ ከልብስና ከቁርበት ለይቶ ይጠራዋል፤ ስለዚህ ሚሽና፣ የአይሁድ ሊቃውንት የጥንት የሕግ መጽሐፍ፣ ለየጨርቁ መጠን አወጣ። ኬሊም በሚባለው ክፍሉ ምዕራፍ 27 ልብስ 3 በ3፣ «ሳቅ» 4 በ4፣ ቁርበት 5 በ5፣ ምንጣፍ 6 በ6 ጋት ሲሆን ርኩሰት ይይዘዋል። ጋቷ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ብትሆን «ሳቁ» ወደ 32 በ32 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጨርቁ በሻከረ ቁጥር ትንሹ ቁራጭ ለምንም አይሆንም፣ ለምንም የማይሆን ደግሞ ዕቃ አይባልም።

መልስ 18 ክርስቲያን ለሚያየው ተውኔት የረቢዎች ክንድና ጋት ምን ይሠራል ብሎ ተናደደ። መልስ 19 ዮናስም ዕብራዊ ነበር አለና ቀጠለ፤ ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ታዕኒት በሚባለው ክፍሉ ቅጠል 14 ላይ ታላቅ ሰው እንደ ኢዮራም ጸሎቱ እንደሚሰማለት ካላወቀ ማቅ መታጠቅ አይገባውም ይላል። ያ ከሰማርያ ቅጥር ላይ የታየው ንጉሥ ነው። መሪ ማቅ ታጥቆ መልስ ካጣ ኀፍረቱ የሕዝብ ነውና። ማቁ ከአይሁድ ለቅሶ ሲቀር ልብስ መቅደዱ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ለአባትና ለእናት በግራ በልብ በኩል፣ ለሌላው በቀኝ። መልስ 18 ከዚያ ወዲያ አልጻፈም።

መልስ 20 እና 21 ወደ እስራኤል ሱቆች ወሰዱን። ዛሬ «ሳክ» የዱቄት ከረጢት ነው፤ «ሳክ ሼና» የመኝታ ከረጢት፤ «ሳኪት» ደግሞ ትንሿ ፌስታል። እዚያ ያለ ሐበሻ ሁሉ አማርኛ እያወራ እንኳ ፌስታሏን ሳኪት ነው የሚላት። ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ለአንዷ 10 አጎሮት (የእስራኤል ሳንቲም) ያስከፍላሉ። ክርክሩ ወደ ፕላስቲክ ሲዞር መልስ 22፣ የመድረኩ አስተባባሪ፣ ጥያቄው የነነዌ ነው ብሎ መለሳቸው።

መልስ 23 መቀስ ይዞ ገባ። የፍየል ጠጉር ጨርቅ ካልተገኘ የቡና ጆንያ ይሁን፤ ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት ግን አይሁን። እርሱ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለም አይቀበልም፣ ያብለጨልጫል፣ ጧፍ ከነካውም ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጁቱም ቢሆን ይነድዳልና መብራት ይራቅ። ባለ 60 ኪሎው የቡና ጆንያ ወደ 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። የጎኑና የታችኛው ስፌት ሲፈታ 140 በ100 ይሆናል፤ ለሁለት ሲቀደድ ወርዱ 50፣ ርዝመቱ 140 የሆነ ሁለት ትጥቅ ይወጣል። ወገቡ 90 ለሆነ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ይደረባል፤ በገመድ ይታሰር። የተቆረጠው ጠርዝ ከመታጠቡ በፊት 2 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይሰፋ፤ አለዚያ ማጠቢያው ውስጥ ይተረተራል። አዲስ ጆንያ ሲሠራ የተነካበት ዘይት ስላለ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ ዘይቱ ካልወጣ ጥቁሩ ቀለም ይዥጎረጎራል። ከሥር የጥጥ ቁምጣ ይለበስ፤ ተዋናይ ንስሐ አልገባም።

መልስ 24 ጠያቂው ራሱ ነው። አመሰገነ። ንጉሡ መጎናጸፊያውን አውልቆ በወገቡ እንዲታጠቅ፣ በመጨረሻው ትዕይንትም ማቁን ከመቅደድ ይልቅ እንዲፈታው ጽሑፉን አስተካክያለሁ አለ። የቀረው እንስሳቱ ናቸው፤ አህያ እንዴት ማቅ ይለብሳል?

መልስ 25፦ ለአህያው ጆንያውን ሳትፈታ ባዶውን ጀርባው ላይ ጣልበት። ሌላ ቀን እህል ሞልቶ የሚሸከመው ያንኑ ነው።